በኮፈኑ ላይ የቀረው እጅ

ፍቅር ዓይን አለው፣ የለውም እያላችሁ የምትከራከሩ ሁሉ፣ ለዛሬ እሱን አቆዩትና ስለ እጅ ላውጋችሁ። እጅ ስል ቀለበት የሚጠብቅ የሙሽራ እጅ እንዳይመስላችሁ። የሞተ ሰው እጅ ነው። ቢያንስ ወይዘሮ ማናዬ የሚያምኑት እንደዚያ ነው፤ የብስራተ ገብርኤል ጎረቤትም በእሳቸው በር ሲያልፍ እርምጃውን የሚያፈጥነው ለሌላ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በታሪኩ መኪና ነው። ታሪኩ የወይዘሮ ማናዬ የመጀመሪያ ልጅ ነበር። ሰማያዊ ሱባሩ ነበረችው፤ ቱርቦዋ ሲያፏጭ ከሰፈሩ ጫፍ የምትሰማ፣ ቅዳሜ ሲያጥባት ካያችሁት ሕፃን የሚያጥብ የሚመስላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ትኩሳት ያዘኝ ብሎ ተኛ፤ በዚያው ቀረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆመች።

ሙት ዓመቱ በወጣ ማግስት ጠዋት፣ ጥበቃው ሸራውን ሊያራግፍ ገለጥ ሲያደርገው ጮኸ። ኮፈኑ ላይ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ እጅ አለ። አምስት ጣት፣ ከነመዳፉ፣ ጤዛ ነጭ አድርጎ ያወጣው። በጨርቅ ቢያብሰው አይለቅም። የባሰው ደግሞ መዳፉ ወደ ላይ መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው ከኮፈኑ ሥር ሆኖ፣ ልውጣ ብሎ የሚገፋ ይመስላል። ፀሐይ ስትበረታ ጠፋ፤ በማግስቱ ጤዛ ሲወርድ ተመለሰ። ጥበቃው ሳይውል ሳያድር ሥራውን ለቀቀ። ወይዘሮ ማናዬ ግን አልሸሹም። «ልጄ ነው» አሉ፣ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ይወጣሉ፤ መዳፋቸውን መዳፉ ላይ ያሳርፉና የቤቱን ወሬ ይነግሩታል። ውኃ መጥቷል፣ ሽንኩርት ተወዷል፣ የጎረቤቷ ሕፃን ጥርስ አብቅላለች። ሁለተኛው ልጃቸው ደምሰው ወደ ሥራ ሲወጣ ከኋላቸው ቆም ብሎ «ደህና አደርሽ እማዬ» ይላል። አይዞሩም። «ደህና፣ በሩን ዝጋው» ይሉታል፣ ዓይናቸውን ከኮፈኑ ሳያነሱ። እሱም በሩን ይዘጋል።

እንግዲህ ወደ ፍቅራችን እንምጣ። ደምሰው የሚወዳት ዶርቃን ነው። ዶርቃ የፉሪ ልጅ ናት፤ አባቷ ወንጌላዊ ላቀው ከሆሳዕና መጥተው እዚያ ቤት ቀልሰዋል፣ ልስኑ እስካሁን አላለቀም። እሷ ነፋስ ስልክ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው በአናስ ጋራዥ ውስጥ ፊልም ትሠራለች። ፊልም ስላችሁ ሲኒማ ቤት የሚታየውን አይደለም። ጠጠር እንዳይጭረው፣ ፀሐይ እንዳይበላው ተብሎ በውድ መኪና ቀለም ላይ የሚለጠፈውን፣ ውኃ የመሰለ ስስ ላስቲክ ነው። አዲስ ሲሆን መኖሩም አይታወቅ። ሲያረጅ ግን ጉድ ነው፤ ይበልዛል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ሙጫው ቀለሙን ነክሶ ይይዛል። ያኔ አሮጌውን አንስቶ አዲስ ማልበስ ነው የዶርቃ ሥራ። ደምሰው የመሥሪያ ቤቱን መኪና መስታወት ሊያስጠቁር መጥቶ አያት፤ መስታወቱ ጠቁሮ አለቀ፣ እሱ ግን መመላለሱን አልተወም።

ወይዘሮ ማናዬ ሲሰሙ ምን አሉ መሰላችሁ? «ጴንጤ? ያውም ከፉሪ?» ብለው ብቻ ቢያበቁ ይሻል ነበር። አላበቁም። «ታላቅህ እጁን ዘርግቶ ደጄ ላይ ቆሞ፣ እኔ ላንተ ሽማግሌ ልላክ? የታሪኩ እጅ ከግቢዬ እያለ ሰርግ የሚባል እንዳትነግረኝ!» አሉት። በዶርቃ ቤት ደግሞ ወንጌላዊ ላቀው ሽማግሌ ሳይመጣ ልጃቸውን ከወንድ ጋር መንገድ ላይ ማየት አንገፍግፏቸዋል። «ወይ በደጅ ይምጣ፣ ወይ ይተውሽ» ብለዋታል። ስለዚህ በሁለቱ ፍቅረኞች መሐል የቆመው አንድ የማይታጠፍ እጅ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በገባ፣ ሰማዩም ቀኑን ሙሉ ባለቀሰበት አርብ፣ ያቺ ሱባሩ እያጓራች አናስ ጋራዥ ገባች። አናስ ለጁምዓ ሶላት ወጥቷል። ዶርቃ ጓንቷን እያወለቀች ብቅ ስትል ደምሰው ከመኪናው ወረደ፤ ዝናብ ጸጉሩ ላይ ነበር።

«አመጣኋት» አለ።

ዶርቃ ደነገጠች። ስለ እጁ ሰምታለች፣ አይታው ግን አታውቅም። «ፊልሙ እንዲነሳ እናትህ እሺ አሉ?»

«እሺ ብላለች።»

«በእውነት? እሳቸው? እንዴት ብለው?»

«ሰልችቷታል መሰለኝ። አንቺ ብቻ ጀምሪው፣ የኔ ቆንጆ።» ይህን ሲል ዓይኑ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ነበር የሚያየው። ሴት ልጅ ይህን ሳታይ አትቀርም፤ ዶርቃም አየች፤ ግን ደስታ ልቧን ቀድሞ ሞልቶት ነበርና ያየችውን ወደ ጎን አለችው። እናትየው እሺ አሉ! ሽማግሌ ሊመጣ ነው! ለአባቷ ምን ብላ እንደምትነግራቸው እያሰላሰለች የእንፋሎት ማሽኑን ሰካች።

ከፓራፋንጎው፣ ጎማውን ከሚሸፍነው ብረት፣ ጀመረች። ፊልሙ ደርቆ ኖሮ እንደ ተቃጠለ ቂጣ እየተፈረፈረ ወጣ። ሥሩ ያለው ሰማያዊ ግን ጉድ ያሰኛል፤ ታሪኩ የገዛት ቀን የነበረው ቀለም፣ ፀሐይ ያልነካው። ደምሰው ያንን ሲያይ ፊቱን አዞረ። የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይንደቀደቃል።

ኮፈኑ ላይ ስትደርስ እንፋሎቱን ለቀቀችበት። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ከዚያ ነጩ ከዳር ዳር ሲሳሳ፣ መሐል ላይ የቀረው አልሳሳ አለ። አውራ ጣት። ሌባ ጣት። መዳፍ። ከኮፈኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ወጣ።

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ወደ ኋላ ተስፈነጠረች። የእንፋሎቱ ቱቦ ከእጇ ወድቆ መሬት ለመሬት ተንፏቀቀ። ዶርቃ በጸሎት ቤት ሰይጣን ሲወጣ አይታ የማትበረግግ ልጅ ናት፤ አሁን ግን ቱቦውን ለማንሳት እንኳ ጎንበስ አላለችም።

እንደምንም ራሷን አረጋጋች። ሥራዋ አይደል? ፊልም ሲለጠፍ ሙጫውም እጅም በሳሙና ውኃ መራስ አለበት። ማንም ሰው በደረቅ እጁ ሙጫውን ከነካው ያ እጅ እዚያው ይቀራል፤ ዓመት ቢሆነው አይለቅም። ፊልሙ ሲያረጅ እርጥበት ሙጫው በተበላሸበት በኩል ይገባና እጁ ጎልቶ ይወጣል። መዳፉ ወደ ላይ የሆነውም የተነካው የሙጫው ወገን ስለሆነ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፤ እሷም ሠርታዋለች፣ አናስም ጮሆባታል። «አይ ዶርቃ፣ ሞኝ» አለች ለራሷ። ቱቦውንም አነሳችው።

የፊልሙን ጠርዝ ይዛ ዝቅ አድርጋ መሳብ ጀመረች። የሞቀ ላስቲክ ይለጠጣል። ስትስብ እጁም አብሮ ተለጠጠ፤ ጣቶቹ ረዘሙ፣ ረዘሙ፣ ወደ ደረቷ ተዘረጉ። ለመጮህ አፏን ስትከፍት ነው ትንሿን ጣት ያየቻት። ጫፏ ላይ ወደ ውጭ ቆልመም ያለች፣ ለብቻዋ የምትሄድ ጣት።

ይህችን ጣት ታውቃታለች። ከሳሪስ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው እንዳያይባቸው በቦርሳዋ ሥር ይዛታለች። ፉሪ ዳገት ላይ በብርድ ስትቀዘቅዝ በትንፋሿ አሙቃታለች። ዓይኗን ጨፍና ከሺህ ጣት መሐል የምትለያት ጣት ናት። ዶርቃ ክው አለች፤ ከሞተው ሰው እጅ ይልቅ የሕያው ሰው እጅ እንዲህ ያስፈራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«ደምሰው፣ እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለች ሳትዞር።

ዞር ስትል ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከቷቸዋል።

«ያንተ ነው» አለች። «የታሪኩ አይደለም። ያንተ ነው፣ አይደል?»

«ያው… የኔ ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።» ትከሻውን መኪናዋ ላይ አስደገፈ። «ፊልሙን ከዱባይ አስመጥቶ ግቢ ውስጥ እኔና እሱ ነን የለጠፍነው። በደረቅ እጄ ያዝኩት።»

«ታዲያ እናትህ ለሞተ ልጃቸው ሲያወሩ ኖረው ኖረው… እንዴት አስቻለህ? እንዴት አንድ ቀን አልነገርካቸውም?»

«ልነግራት ወጥቼ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ነው። እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋ ፈገግ ስትል አየኋት። ከቀብሩ ወዲህ ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር፣ ዶርቃ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ነገር ዓለሙ ተቀየረብኝ። እቤት ውስጥ አታየኝም፤ ሳህን ስታቀርብልኝ እንኳ ፊቴን አታይም። ኮፈኑ ላይ ግን በየቀኑ ትዳብሰኛለች። በሱ ስም ይሁን እንጂ፣ የምትዳብሰው እኔን ነበር።»

ዶርቃ ሄዳ ልታቅፈው ፈለገች። እግሯ ግን ሌላ ጥያቄ ላይ ቆሞ ነበር። «እሺ ብላለች ያልከኝስ?»

ዓይኑን ወደ ቀን መቁጠሪያው መለሰ።

«ደምሰው!»

«ለዓመታዊ የቦሎ ምርመራ ነው የምወስዳት ብያታለሁ።»

ዶርቃ አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እና እኔ ነኝ የምቀብረው? ያቺ ጴንጤ ልጄን ፍቃ ጣለችው እንዲሉኝ ነው? ዕድሜ ልኬን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አንተስ ያልቻልከውን በኔ እጅ ልታስጨርስ ነው እዚህ ያመጣኸኝ?»

«ሌላ መንገድ አጣሁ። እጁ ካልጠፋ አንቺን ላገኝሽ ነው?»

«እንዲህ ከሆነ አታገኘኝም» አለች። ማሽኑን ነቀለችው። ፊልሙ ከኮፈኑ ግማሹ ተነስቶ፣ ግማሹ እንደተጣበቀ፣ ያ የረዘመ እጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደምሰው ስሟን ጠራ፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ባልዲው ውስጥ ያለውን የሳሙና ውኃ ስታይ ቆየች። እሱን የማጣት ነገር እስከዛሬ በሌሎች ሰዎች እጅ ነበር፤ ዛሬ ገና በራሷ አፍ አለችው።

የጋራዡ በር ተንኳኳ። የተንኳኳው አንዴ ነው፤ ከዚያ ሳይጠብቅ ተከፈተ።

ወይዘሮ ማናዬ ነበሩ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸው ረጥቦ ከራሳቸው ጋር ተጣብቋል፣ እጃቸው ላይ የመኪናዋ ሊብሬ አለ። አያችሁ፣ ውሸት ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ደምሰው ለምርመራ እሄዳለሁ ብሎ ሊብሬውን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ወጥቷል። ያለ ሊብሬ ደግሞ የሚመረመር መኪና የለም። ደውለው ሲያጡት፣ ልጅቷ የምትሠራበትን ጋራዥ ያውቁ ነበርና፣ ወዴት እንደሄደ ለመገመት ብዙ አልደከሙም።

ሰላም አላሉም። ዶርቃንም ደምሰውንም እንደ ዕቃ አልፈዋቸው ወደ ኮፈኑ ሄዱ። የተንጠለጠለውን ፊልም በሁለት እጃቸው አነሱ፣ እንደ አንሶላ መልሰው አለበሱት፣ መዳፋቸውን መዳፉ ላይ አሳረፉ። ብረቱ ገና ከእንፋሎቱ ሙቀት አልበረደም።

ፊታቸው ተለወጠ። «ሞቀ» አሉ በሹክሹክታ። «ወይኔ እናትህ! እጁ ሞቀ!» ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሮአቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠጉ። «ታሪኩ? ታሪኩዬ፣ መጣህ?»

የዶርቃ ሰውነት ተሸማቀቀ። ሞተሩ እየበረደ ስለነበር ከኮፈኑ ሥር «ቋ… ቋ…» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህን ዶርቃ ታውቃለች። ግን በዚያች ሰዓት ማንም ሰው ቢጠይቃት፣ ከውስጥ የሚያንኳኳ አለ ብላ ትምል ነበር።

ደምሰው ከእናቱ ጀርባ ቆሟል። እጁ ከኪሱ ወጥቶ በአየር ላይ፣ ትከሻቸውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆሟል። መንካት አልቻለም። ዶርቃ ያንን እጅ አየች፤ ቁጣዋ ሁሉ የት እንደገባ አላወቀችም። ይህ ሰው በየጠዋቱ እንዲህ ነው የሚቆመው። ዝም ካለች ወይዘሮ ማናዬ መኪናቸውን ከነእጁ ይዘው ይሄዳሉ፣ እሱም ዕድሜውን እዚያው ጀርባቸው ላይ ይጨርሳል። ከተናገረች ደግሞ ለዘላለም ይጠሏታል። ቢጠሉኝስ፣ አለች በልቧ።

«እትዬ ማናዬ» አለች፤ «ትንሿን ጣት ይዩልኝ።»

«አንቺ ዝም በይ! አንቺ ስለ ሙት ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሙት አላውቅም። ትንሿን ጣት ብቻ ይዩልኝ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ።»

ጴንጤ አፍ ውስጥ ይህን መሐላ ሲሰሙ ወይዘሮ ማናዬ ቀና አሉ። ከዚያ አዩ። ብዙ ጊዜ አዩ። ያቺን ጣት የብረት በር የቀጠቀጣት ቀን፣ የሚጮኸውን ሕፃን ታቅፈው ወጌሻ ቤት የሮጡት እሳቸው ናቸው። ጠምዛዛ ሆና ስትቀር አልቅሰው የሳሟት እሳቸው ናቸው። ሳይዞሩ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ደምሰው። እጅህን።»

ሰጣቸው። ስበው ከኮፈኑ ላይ፣ ከዚያኛው እጅ ጎን፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። ምንም የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ጠብታው ብቻ ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ወይዘሮ ማናዬ አንዴ ያንን፣ አንዴ ይኼንን ያያሉ። ድምፃቸው ሲመጣ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር።

«እና ታሪኩ የት ነበር?» አሉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ልጄ የት ነበር?»

ዶርቃ አፏን በእጇ ያዘች። ምን አደረግሁ አለች፤ ዛሬ ደግመው ቀበሩት፣ ያስቀበርኳቸው እኔ ነኝ።

ደምሰው ተንበረከከ። «እማዬ፣ ስሚኝ። ሙጫውን ስነካው ያበላሸሁት መስሎኝ ላለቅስ ደረስኩ። በጣም ውድ ነበር እኮ። እሱ ግን ሳቀብኝ። ‹ተወው፣ አንተም ትኑርባት› አለኝ። ፊልሙን አለበሰውና እዚህ፣ በትክክል እዚህ ጋ፣ እጁን ከላይ አድርጎ እስኪጣበቅ ተጭኖ ያዘው። ከሥር ያለው የኔ ነው። ከላይ ግን እሱ ነው እጁን ያሳረፈበት፤ አንቺ በየጠዋቱ እጅሽን የምታደርጊበት። እሱን አልሳትሽውም፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ማናዬ በሊብሬው ደረቱን መቱት። ደገሙት። «ከኋላዬ ቆመህ! ከኋላዬ ቆመህ ዝም!» አሉ፤ «እኔ ብረት ስዳብስ አንተ እዚያ ቆመህ!» ሦስተኛውን ሊመቱ ሲሉ ሊብሬው ወደቀ፣ እጃቸው ግን ተመልሶ የልጃቸው ጭንቅላት ላይ አረፈ። ቀብር ላይ ያልወጣው ለቅሶ ያኔ ወጣ። የልጃቸውን ፊት ይዘው፣ ጠምዛዛዋን ጣት እየሳሙ፣ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ባንድ ስም ጠሩ፣ በሁለት ስም ጠሩ። ዶርቃ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ብዙ ቆይተው ወይዘሮ ማናዬ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «አንቺ ልጅ» አሉ። «ይህ ነገር ይነሳል፣ አይነሳም?»

«ይነሳል። እርስዎ ካሉ ብቻ።»

«ካልተነሳስ?»

«ቀለሙን ይዞት ይወርዳል። መኪናዋ ትጎዳለች።»

«የታሪኩ ቀለም» አሉ፤ አሰቡ። «ታዲያ ምን ይገትርሻል? ያዢውና አሳዪኝ፣ ከወዲህ ማዶ እኔ እስባለሁ።»

ሳቡት። ዶርቃ እንፋሎቱን ይዛ፣ «ዝቅ አድርገው እትዬ፣ ቀስ፣ እንዳይቆረጥ» እያለች፤ እሳቸው በጥቁር ልብሳቸው ተጎንብሰው። እጁ መጨረሻ ላይ አንዴ ተዘረጋ፣ ጣቶቹ ከሰው ጣት በላይ ረዘሙ፣ ከዚያ ፊልሙ በጡጫቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ምንም የማይመስል ላስቲክ ሆነ። ሦስቱም ወደ ኮፈኑ አዩ። ከሥሩ ማንም አልነበረም። ሰማያዊ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ማናዬ ሰማያዊውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። ደምሰው የዶርቃን ዓይን ሲፈልግ አገኘው፤ ይቅርታ የሚለው ዓይኑ ነበር፣ ቆይ እንጂ የሚለው ደግሞ የእሷ።

«ቤታችሁ ፉሪ የቱ ጋ ነው?» አሉ ወይዘሮ ማናዬ ድንገት፣ ዓይናቸውን ከኮፈኑ ሳያነሱ።

ዶርቃ የሰማችውን አላመነችም። «አቤት እትዬ?»

«ቤታችሁ፣ የአባትሽ ቤት! የምልካቸው ሽማግሌዎች በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ጭቃ መንገድ ጠፍቷቸው ሲንከራተቱ እንዳይመሽባቸው።»

«ከሃና ማርያም…» አለች ዶርቃ፤ «ከሃና ማርያም አለፍ ብሎ፣ ወደ ቀኝ…» ቃሉ ተቆረጠባት። እንደገና ሞከረች፣ ከሃና ማርያም አላለፈችም። በየቀኑ የምትመላለስበት የአባቷ ቤት መንገድ ጠፍቷት፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ቆመች።

«ቀስ በይ» አሏት ወይዘሮ ማናዬ፤ አሁን ግን ዞረው ፊቷን እያዩ ነበር። «አልቸኩልም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ልጄ።»